እንዳሻው የሰጣት ስምንት ቁልፎች

አንድ ፕሮግራም ሠሪ ነበር። እንዳሻው ይባላል። ዕድሜው አርባ ሰባት ነው፤ ወሬ አይወድም፣ ሥራ ግን ይወዳል። በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ፕሮግራም ብቻ ሲሠራ ኖረ። ፕሮግራሙ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነው። ታካሚ ይመጣል፣ ስሙን ይናገራል፣ ካርዱ ይፈለግለታል፣ ወደ ሐኪም ይላካል። ከውጭ ለሚያየው ነገሩ ይኸው ነው።

ከውስጥ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እንዳሻው ሥራውን ሲጀምር በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ አራት ወር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቢሮ ቁጭ ብሎ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ያወቀው ያኔ ነው። ለምሳሌ ታደሰ በቀለ የሚባል ሰው በዚያ ጤና ጣቢያ ብቻ ሠላሳ አንድ ነበር። የካርድ ቁጥር የተጻፈባትን ወረቀት ደግሞ ሰው ይጥላታል፤ ልጅ ይቀድዳታል፣ ከሸሚዝ ጋር ትታጠባለች። ታዲያ ሠራተኞቹ ከሠላሳ አንዱ ታደሰ በቀለ የትኛው ፊታቸው እንደቆመ በምን ይለያሉ? «የእናትዎ ስም ማን ይባላል?» ብለው ይጠይቃሉ። የአባት ስም ይመሳሰላል፤ እናት ስትጨመርበት ግን ሰውየው ይለያል። እንዳሻው ይህን አይቶ «በእናት ስም ፈልግ» የሚል ትእዛዝ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባ። የትም ያለ ሌላ ፕሮግራም ይህ የለውም ብሎ ያምን ነበር። ለማንም ባይናገረውም በልቡ ይኮራበት ነበር።

ችግሩ ፕሮግራሙ ውስጥ እንዲህ ያሉ ትእዛዞች መቶ አርባ መሆናቸው ነው። ሁሉም በሜኑ ሥር ተደብቀዋል። አንዱን ሜኑ ሲከፍቱት ዝርዝር ይወጣል፣ ከዝርዝሩ ሥር ደግሞ ሌላ ዝርዝር ይወጣል። የቆዩት ሠራተኞች ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዱበታል። አዲስ የተቀጠሩት ግን እዚያው ውስጥ ይጠፋሉ፤ ሰልፉም በሩን አልፎ ግቢ ይደርሳል። ስለዚህ የከተማው ጤና ቢሮ ጥያቄ አቀረበ፤ ሠራተኞች በየቀኑ የሚነኳቸው ትእዛዞች በመስኮቱ አናት ላይ በሥዕል ተደርድረው ይቀመጡ፣ አንዴ ሲጫኗቸው ሥራውን ይሥሩ አለ። ቱልባር የሚባለው ነገር ማለት ነው። እንዳሻው «ጌጥ ነው» ብሎ ነገሩን ሁለት ዓመት አጓተተው። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ አቶ ግዛቸው ሰለቻቸውና ትርሲት የምትባል ልጅ ቀጠሩ።

ትርሲት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቱልባር ስትሠራ መጀመሪያ ባለአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ በእርሳስ ትሥላለች። ቀጥላ ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ ነጥብ በነጥብ ታሰፍረዋለች። ከጥፍር የማይበልጥ ሥዕል ላይ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። በገባች በአራተኛው ቀን «አዲስ ካርድ» የሚለውን ትእዛዝ በአንዲት ቁልፍ አድርጋ ለሙከራ ከላይ አስቀመጠችው። ጠርዟ የታጠፈ ነጭ ካርድ ናት። አቶ ግዛቸው ሲያልፉ አይተው ቆሙ። ማውዙን ራሳቸው ያዙና ተጫኑት። አዲስ ካርድ ወዲያው ተከፈተ።

«ይሄ ነው ፕሮግራም ማለት!» አሉ አቶ ግዛቸው።

ቢሮው ሁሉ ተሰበሰበ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀሩ መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው «ውይ! ስታምር!» አሉ።

እንዳሻው ከወንበሩ አልተነሣም። ቀና። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም፤ ቅናት ነው። ቁልፏ ስትነካ አዲሱን ካርድ የሚከፍተው ኮድ የማን ነው? የእሱ ነው። ሁለት ሺህ መስመር ነው፤ አንድ ክረምት ሙሉ ያለፈበት ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «ይሄ ነው ፕሮግራም» ያለው ሰው የለም። አሁን አንዲት ልጅ ካርድ ሣለችና ፕሮግራሙ ገና ዛሬ የተወለደ ይመስል እልልታ ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮው ሥራ በዛበት። አቶ ግዛቸው በቀን ስንት ጊዜ «ትርሲት» እንደሚሉ መቁጠር ያዘ። አንድ ማክሰኞ አሥራ አንድ ጊዜ አሉ። «እንዳሻው» ያሉት አንዴ ነው፤ እሱም መስኮቱን እንዲዘጋላቸው ነበር። ሰዎች ከጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመው ሲስቁ በእሱ የሚስቁ ይመስለዋል። ጠዋት ሰላምታ ስትሰጠው ስክሪኑን እያየ «እህ» ይላል። ደግሞ ልጅቷ አታስጠላም፤ ይህም ሌላ ንዴት ሆነበት። ትንሽ ብትኮራ፣ ትንሽ ብታንቋሽሸው ኖሮ በቀላሉ ይጠላት ነበር። እሷ ግን ታከብረዋለች።

አንድ ቀን ወንበሯን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሽ እንዳሻው፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» አለችው።

«ምንድን ነው?»

«የጤና ጣቢያዎቹ ኮምፒውተሮች ስክሪናቸው ትንሽ ነው። ከስምንት ቁልፍ በላይ አይችልም። መቶ አርባ ትእዛዝ አለ፤ ስምንቱን ብቻ ነው የምመርጠው። ሠራተኞቹ ቀን በቀን የሚጠቀሙት የትኛውን ነው? ካርድ ክፍል ሄጄ ትንሽ ልቀመጥ ወይስ እርስዎ ይነግሩኛል?»

እንዳሻው ስምንቱን ያውቃቸዋል። ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት በቅደም ተከተል ይጠራቸዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በእናት ስም ፈልግ አለች። አፉ ላይ ደርሳ ነበር። ያን ጊዜ አቶ ግዛቸው ከክፍላቸው ሆነው «ትርሲት!» ብለው ተጣሩ። ለዚያን ቀን ሰባተኛው ጥሪ ነው። ትእዛዟን ከአፉ መለሳት።

«ምን አደከመሽ፣ እኔ እያለሁ!» አላት። «ጻፊ።»

እሷም ጻፈች። አዲስ ካርድ፣ ካርድ ፈልግ፣ ወደ ሐኪም ላክ፤ እነዚህን ሦስቱን የግድ ነገራት፤ ማንም የሚገምታቸው ናቸው። የቀሩትን አምስቱን ግን ማንም ከማይነካቸው ትእዛዞች መረጠላት፤ የዓመት ሪፖርት አትም፣ የይለፍ ቃል ቀይር፣ የተሰረዙ ካርዶችን አሳይ፣ የፊደል መጠን ቀይር፣ ሰዓት አስተካክል።

«የፊደል መጠን?» አለች ትርሲት ቀና ብላ። «በየቀኑ?»

«ዓይናቸው የደከመ ሠራተኞች አሉ እኮ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል፤ ለየዓይናቸው ይቀያይሩታል።»

«ይገርማል! እኔ ይሄን በምን አውቀው ነበር? እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ እንዳሻው» ብላ ወንበሯን ይዛ ሄደች።

እንዳሻው ትንሽ አፈረ። እፍረቱ ግን እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም። ትርሲት ሦስት ሳምንት ስትሥል እሱ ከጎን ያያታል። ለሰዓት ማስተካከያው ያበጀችው ሥዕል እንዴት ያምር ነበር! ከሰዓቱ እጆች አንዱ ከሌላው ትንሽ ይቀጥናል። ለዚያች ቅጥነት ብቻ ሁለት ጊዜ አፍርሳ ሠርታታለች። «እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቀው «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። በልቡ ግን የምታፍርበትን ቀን ይጠብቃል።

ቀኑ ደረሰ። የጤና ቢሮው ኃላፊ አንድ ጤና ጣቢያ መርጠው ፕሮግራሙ በሥራ ሰዓት፣ በእውነተኛ ታካሚዎች ይሞከር አሉ። አዲስ የተቀጠረች የካርድ ክፍል ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ኃላፊዋ፣ አቶ ግዛቸውና ትርሲት ከኋላዋ ቆሙ። ሙከራው ካልተሳካ ቢሮው ይህን ፕሮግራም ከሁሉም ጤና ጣቢያ አንሥቶ የሌላ ድርጅት እንደሚያስገባ ኃላፊዋ አስቀድመው ተናግረዋል። እንዳሻው ይህን ሰምቷል። ግን የሰማው በግማሽ ጆሮ ነው። እሱ በሩ አጠገብ ቆሞ የትርሲትን ፊት ያይ ነበር።

የመጀመሪያው ታካሚ በከዘራ የሚሄዱ አዛውንት ናቸው።

«ታደሰ በቀለ እባላለሁ። ወረቀቷ ጠፍታብኛለች፣ የኔ ልጅ።»

ሠራተኛዋ ካርድ ፈልግ የሚለውን ተጫነች። ስክሪኑ ሙሉ ታደሰ በቀለ ሆነ። ሠራተኛዋ ግራ ገባት። ወደ ቱልባሩ ቀና አለች፤ ሰዓት አስተካክል አለ፣ የፊደል መጠን ቀይር አለ። አንዱን ነካች፤ ፊደሉ ገዘፈ። ሌላውን ነካች፤ የዓመቱ ሪፖርት መታተም ጀመረ፤ ወረቀቱ ከማተሚያው እየወጣ ወለሉ ላይ ይነጠፍ ጀመር። ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። አንዲት ሴት ሦስት ልጆች ይዛ ቆማለች፣ ታናሹ ያለቅሳል። አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው «እናቴን ብትጠይቂኝስ? የድሮዎቹ እኮ እናቴን ነበር የሚጠይቁኝ» አሉ።

የትርሲት ፊት ጠቆረ። እንዳሻው ሲጠብቀው የኖረውን አየ፤ ልቡም ለአፍታ ቅቤ ጠጣ።

ኃላፊዋ ዘወር አሉ።

«ይህን ፕሮግራም የሠራው ሰው» አሉ፣ «አንድ ቀን እንኳ ካርድ ክፍል ገብቶ አያውቅም።»

እንዳሻው የበሩን መቃን ያዘ። አራት ወር! አራት ወር ነው በርጩማ ላይ የተቀመጥኩት! ብሎ ሊጮኽ ፈለገ። የእናታቸውን ስም የሚጠይቅ ትእዛዝ እኮ አለ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ሦስተኛው ዝርዝር ውስጥ ነው! ሊል ፈለገ። ግን እስቲ አስቡት። ይህን ቢል የሚቀጥለው ጥያቄ ምንድን ነው? «ታዲያ ካወቅህ ለምን ከላይ አልተቀመጠም?» ነው። በዓለም ላይ በእርግጥ የሚያውቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም አውቃለሁ ማለት አቃተው።

«ማን ነው እነዚህን የመረጠው?» አሉ ኃላፊዋ።

ትርሲት አንዴ ወደ በሩ፣ ወደ እንዳሻው አየች። ረጅም አይደለም፤ አንዴ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ራሴ መጥቼ ሠራተኞቹን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።»

ኃላፊዋ ሦስት ሳምንት ሰጧቸው። በመኪና ሲመለሱ አቶ ግዛቸው ከፊት ወንበር ዞር ብለው «እንዳሻው፣ አንተ ይሄን ነገር ታውቀው የለም እንዴ? በል ትክክለኛውን ንገራት እንጂ» አሉት።

እዚህ ላይ ሰውየው መዳን ይችል ነበር። «አሳስቻት ነው» ማለት ከባድ ነው፤ ግን አይገድልም። እሱ ግን አሁን ስምንቱን ዘርዝሮ ቢናገር ያኔም ያውቃቸው እንደነበር ይታወቅብኛል ብሎ ፈራ።

«ቆየ እኮ፣ አቶ ግዛቸው» አለ። «እኔም ረስቼዋለሁ።»

አቶ ግዛቸው ትንሽ አዩትና ወደ ፊት ዞሩ። «እንግዲያው ትርሲት ትሂድ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የገባበት ጤና ጣቢያ ሂጂና ተቀመጪ።»

ያ ጤና ጣቢያ እንዳሻው አራት ወር የተቀመጠበት ነው። ትርሲት አሥራ ሁለት ቀን ሄደች። የሚገርመው፣ እንዳሻው በበርጩማው ሳይቀር ቀናባት። እሱ የተቀመጠበት ላይ ተቀምጣ፣ ለእሱ የተነገረው ሲነገራት እየታየው ውስጥ ውስጡን በገነ። ቦታውን የለቀቀላት ራሱ መሆኑን እያወቀ የተቀማ መሰለው።

ስትመለስ ደግሞ የባሰ ሆነ። ምሳ ሰዓት ላይ ታወራለች፣ ሰው ሁሉ ይሰማል። እናቶች ሦስት ልጅ ይዘው ሲመጡ ሠራተኞቹ የሦስቱን ካርድ አንድ ላይ ማውጣት እንደሚፈልጉ ትናገራለች። የእናት ስም ሲጠየቁ ሽማግሌዎች እንዴት ፊታቸው እንደሚበራ፣ አንዳንዱም «ነፍሷን ይማረውና» ብሎ ስለ እናቱ ማውራት እንደሚጀምርና ሰልፉ እንደሚቆም ትናገራለች። ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም «ወይ ጉድ!» ይላል። እንዳሻው እያንዳንዱን ታሪክ ከመጀመሯ በፊት መጨረሻውን ያውቀዋል። ከእሷ የበለጠ የሚያስቅም አለው። ግን ረስቻለሁ ያለ ሰው ምን ብሎ ያወራል? እንጀራውን ማላመጡን ቀጠለ። ከዚህ በፊት በሙገሳዋ ቀንቶ ነበር። አሁን የቀናው በገዛ ትዝታው ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እየሰማው።

ሁለተኛው ሙከራ ደረሰ። ቱልባሩ ላይ ስምንት ቁልፎች ተደርድረዋል፤ አራተኛዋ ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት ተሥላለች። እንዳሻው አንድ በአንድ አያቸው። ከነቅደም ተከተላቸው እሱ በልቡ የያዛቸው ስምንቱ ናቸው። ሰልፉ ውኃ ሆኖ ፈሰሰ። ከምሳ ሰዓት በፊት ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ።

ኃላፊዋ የትርሲትን እጅ ጨበጡ። «አሁን ገና ሥራችንን የሚያውቅ ሰው ሠራው» አሉ። ፕሮግራሙ በከተማው ጤና ጣቢያዎች ሁሉ እንዲገባ ተወሰነ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እንዳሻውም አጨበጨበ። የተጨበጨበለት የእሱ የስድስት ዓመት ሥራ ነው፤ እሱ ግን እንደ እንግዳ ከዳር ቆሞ ነበር።

ከግቢው ሲወጡ ሌሎቹ ቀደም አሉ። እንዳሻው ከትርሲት ጋር ወደ ኋላ ቀረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጥያቄ ሆዱን ሲበላው ከርሟል። አራት ወር የተቀመጠበት ካርድ ክፍል ወይዘሮ ስንቅነሽ የሚባሉ የቆዩ ሠራተኛ አሉት፤ ያኔ ሁሉን ነገር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ወይዘሮ ስንቅነሽን አገኘሻቸው?» አላት።

«እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።»

«እ... ስለ ሌላ ሰው የነገሩሽ ነገር አለ?»

ትርሲት እየሄደች ነበር፤ ቆመች።

«ነግረውኛል። ‹ይሄን ሁሉ እኮ ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ ሰው ነግረነው ነበር። አራት ወር አብሮን ተቀመጠ፣ ምሳ አብሮን በላ። ደግ ሰው ነበር፤ የጠየቅነውን ሁሉ ሠራልን። ምን ነካው? በሕይወት የለም እንዴ?› ብለው ጠየቁኝ።»

እንዳሻው መሬት መሬት እያየ «ምን አልሻቸው?» አለ።

«‹እኔ አላገኘሁትም› አልኳቸው።»

ይህን ብላ ሄደች። ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያለችውም ውሸት አይደለም። ወራት አጠገቡ ተቀምጣ ሠርታለች፤ ወይዘሮ ስንቅነሽ የሚያውቁትን ያን ደግ ሰው ግን አንድ ቀን አላገኘችውም። እንዳሻው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

እኔ ይህን ታሪክ ለራሴም ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ቅናት ሌላው እንዳይኖረው ብለን ያለንን የምንደብቅበት በሽታ ነው። ነገር ግን የደበቅነው እውቀት ለእኛም ይቀራል ማለት አይደለም። ጠያቂው ሌላ በር አንኳኩቶ ያገኘዋል፤ እኛ ግን እንደማናውቅ ሰው እንቆጠራለን፣ አውቃለሁ የምንልበትን አፍም እናጣለን። እንዳሻውን ማንም አልቀማውም። ትርሲት የሣለችው በሩን ነው፤ ቤቱ የእሱ ነበር። «በእናት ስም ፈልግ» ብሎ ያን ዕለት አንድ ቃል ቢሰጣት ኖሮ ሁለቱም ስማቸው አብሮ ይነሣ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አንተም አንቺም አስቡት። በዚህ ሳምንት አጠገባችሁ የሚሠራ ሰው መጥቶ የምታውቁትን ነገር ጠይቋችሁ ይሆናል። ያገኘው ማንን ነው?